ድመቴ ልትወልድ ነው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የድመቱ ሆድ የገፋበት ጎረቤትና ዘመድ ሁሉ ደውሎ የሚጠይቀኝን ከቀላሉ ጀምሬ በተራ አስቀምጬዋለሁ።

አርግዛለች ወይስ ወፍራ ነው?

መጀመሪያ ጡቷን ተመልከቱ። ካረገዘች ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናት የጡቷ ጫፎች ሮዝ ይሆናሉ፣ ትንሽ ይቆማሉ፣ ዙሪያቸው ያለው ጸጉርም ይሳሳል። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ከሆነ ይሄ በደንብ ይታያል። ወልዳ የምታውቅ ድመት ጡቷ ድሮም ጎላ ያለ ስለሆነ ታሳስታለች። ሆዷ የሚያስታውቀው ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ነው። የወፈረች ድመት አንገቷም ጀርባዋም አብሮ ይሞላል፤ ያረገዘች ግን ጀርባዋ እንደነበረ ሆኖ ሆዷ ብቻ ወደ ጎንና ወደ ታች ይገፋል።

ልጆቹን ለማግኘት ብላችሁ ሆዷን አትጨምቁ፤ ሽሉን ልትጎዱት ትችላላችሁ። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ አልትራሳውንድ ያለው የእንስሳት ሐኪም ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ይነግራችኋል። ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ግን ራጅ ይሻላል፤ እሱም አጥንታቸው ከጠነከረ በኋላ፣ ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ገንዘቡ ካላችሁ ቁጥሩን እወቁ። የምጥ ሌሊት «ጨርሳለች ወይስ አልጨረሰችም» እያላችሁ ከመጨነቅ ይገላግላችኋል።

እርግዝናዋ ስንት ቀን ነው?

ከ63 እስከ 65 ቀን። ከሁዳዴ ጾም በአሥር ቀን ገደማ ከፍ ይላል ብላችሁ ያዙት። ሁለት ሦስት ቀን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ አያስደነግጥም። ከ60 ቀን በፊት የሚወለዱ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ ደካማ ናቸው፤ 68 ቀን ካለፋትም ምጥ ሳትጠብቁ ሐኪም ያያት።

አስቸጋሪው ከየትኛው ቀን እንደምንቆጥር ነው። ድመት ወንድ ስትፈልግ አንድ ቀን ወጥታ አትቀርም፤ ለቀናት ትመላለሳለች፣ ከአንድ በላይ ወንድም ታገኛለች። የአንድ ሆድ ልጆች አንዱ ጥቁር ሌላው ዳማ ሆኖ አባታቸው የተለያየ የሚሆነው በዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የወጣችበትንም መጨረሻ የገባችበትንም ቀን ካላንደር ላይ አስምሩ።

ጾም ነው፣ ቤት ውስጥ ሥጋ የለም። ምን ላብላት?

ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ በሁዳዴና በፍልሰታ ይመጣል። እርጉዝ ድመት ከእናንተ ጋር አትጾምም። ድመት ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው፤ በእርግዝናዋ ካነሳት ሽሎቹ ሊሞቱ ወይም ቀጭጨው ሊወለዱ ይችላሉ። እንጀራና ሽሮ ሆዷን ይሞላል እንጂ አይመግባትም። ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ሥጋ፣ አጥንቱ የወጣለት ዓሣ፣ የተቀቀለ እንቁላል ስጧት። በጾም ሰሞን ቤት ውስጥ ሥጋ ማብሰሉ ከከበዳችሁ የድመት ደረቅ ምግብ ግዙ፤ ከተገኘ ለትንንሽ ድመቶች የተዘጋጀው ይሻላል፣ ጉልበት ሰጪነቱ ከፍ ያለ ነው። ጉበት ትወዳለች፤ ግን በሳምንት አንድ ሁለቴ ቁራሽ ይበቃታል፤ በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤ ይበዛባትና ሽሉን ይጎዳል።

የተረፈ ወጥ ግን በፍጹም! ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስልም ባይበስልም፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። የኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ነው የሚጀምረው። ሥጋውን አጥባችሁ ብትሰጧትም አይሆንም፤ ውስጡ ገብቷል። መጨረሻ አካባቢ ጨጓራዋን ልጆቹ ስለሚገፉት አንዴ ብዙ መብላት አይሆንላትም። ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ በቀን አራት አምስት ጊዜ ስጧት።

የት ነው የምትወልደው? ሳጥን ላዘጋጅላት?

አዎ፣ ከመውለዷ ሁለት ሳምንት በፊት። ግን ቦታውን እሷ ናት የምትመርጠው። የኔዋ ቡሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታረግዝ ጥሩ ካርቶን አዘጋጅቼ ሳሎን፣ በሩ ጎን አስቀመጥኩላት። ዞር ብላ እንኳን አላየችውም። ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ የእናቴ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ወለደች። ሰው የሚተላለፍበት ቦታ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ድመት ደግሞ ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለና ጀርባዋን ከግድግዳ ጋር የምታደርግበት ቦታ ነው የምትፈልገው። በሁለተኛው እርግዝናዋ ቀሚሱን አነሳሁና ካርቶኑን እዚያው ቁም ሳጥኑ ሥር አስገባሁላት። በዚያው ቀን ገብታ ተኛችበት።

ካርቶኑ እግሯን ዘርግታ የምትተኛበት ያህል ሰፊ ይሁን። በአንድ በኩል መግቢያ ቅደዱለትና ከታች አንድ ስንዝር የማይሞላ ደፍ ተዉለት፤ እሷ ትራመደዋለች፣ ልጆቹ ግን ተንከባለው አይወጡም። የሚነጠፈው አሮጌ አንሶላ ወይም ቲሸርት ነው። ጋቢና ፎጣ አታንጥፉ፤ የልጆቹ ጥፍር ክሩ ውስጥ ይሰካና እግራቸው ይጠመዘዛል። የኮርኒሱ ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ድፈኑት። ኮርኒስ ውስጥ ከወለደች ምጡ ቢጠናባት እንኳን የምትደርሱላት አይሆንም።

ምን ምን ይዤ ልጠብቅ?

ብዙ ነገር አያስፈልግም። ንጹህ ጨርቆች፣ ጓንት፣ የስፌት ክር፣ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ መቀስ፣ አዮዲን፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ቫዝሊን፣ የእጅ ባትሪ (መብራት የሚጠፋው ሁሌ በዚያ ሌሊት ነው)። ለሙቀት ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ከካርቶኑ በአንድ በኩል ብቻ አድርጉት፤ የሞቀው ልጅ ራቅ እንዲል ቦታ ይኑረው። ደብተርና እስክሪብቶም አትርሱ። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ።

ቦታውን በዴቶልም ሆነ ተመሳሳይ ሽታ ባላቸው ፀረ ጀርሞች አትጠቡት። ድመት በእግሯና በጸጉሯ ይዛ ትልሰዋለች፣ ጉበቷም አይችለውም። ሙቅ ውሃና ሳሙና በቂ ነው። ለውሻ ወይም ለከብት የሚሸጥ የቁንጫ ዱቄትም አትንስንሱ።

ምጥ መቃረቡን በምን አውቃለሁ?

ምልክቶቹ ተራ በተራ ነው የሚመጡት። ሳምንት ያህል ሲቀራት ጎሬ ትፈልጋለች፤ አልጋ ሥር ትገባለች፣ ቁም ሳጥን ትጭራለች፣ ጨርቅ በእግሯ እየሰበሰበች ታስተካክላለች። አንድ ሁለት ቀን ሲቀራት ጡቷ ይሞላል፣ ወተት ጠብ ሊልም ይችላል። ሆዷ ወደ ታች ይወርድና ወገቧ በግራም በቀኝም ጎድጎድ ይላል።

ከዚያ ጠባይዋ ይቀየራል። ሰው የማትጠጋዋ ከእግራችሁ ሥር አትጠፋም፤ ታቅፋ የምትውለዋ ደግሞ ትሸሻለች። ምግብ ትተዋለች። ብልቷን ደጋግማ ትልሳለች። አንዳንዷ ያስመልሳታል። የምትጸዳዳበት አሸዋ ላይ ሄዳ ትቀመጥና ምንም ሳታደርግ ትመለሳለች፤ ይሄን አይተው ድርቀት ነው በሚል ዘይት የሚያጠጧት አሉ፣ አታድርጉት። ሙቀት መለካት የምትፈቅድ ከሆነች ከ60ኛው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ በፊንጢጣዋ ለኩ። የድመት ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። ከ37.5 በታች ከወረደ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ትወልዳለች። ሁሉም ድመት ላይ ግን አይሠራም፤ ከታገለቻችሁ ተዉት፣ ከቁጥሩ ይልቅ የሷ እርጋታ ይበልጣል።

ቡሬ በሁለተኛ ወሊዷ ማታ 2 ሰዓት ላይ ወጥ ቤት መጥታ ጮኸችብኝ። ወደ መኝታ ቤት ሄደችና ዞራ አየችኝ። ሳልከተላት ስቀር ተመልሳ መጣች። ሦስት ጊዜ አመላለሰችኝ። መጨረሻ ላይ ቁም ሳጥኑ ሥር መሬት ላይ ስቀመጥ ነው ካርቶኗ ውስጥ ገብታ የተጋደመችው። አፏን ከፈት አድርጋ ትተነፍሳለች፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ያ ስትደባብሷት የምትሰሙት ድምፅ አይቋረጥም። ድመት ይሄን ድምፅ ስትደሰት ብቻ አይደለም የምታሰማው፤ ሲያማትም ታሰማዋለች። የመጀመሪያው ልጅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣ።

ምጡ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

የመጀመሪያው ክፍል ከውጭ አይታይም። የማኅፀኗ በር እየተከፈተ ነው፤ እሷ ትንቆራጠጣለች፣ ትጮኻለች፣ ጨርቅ ትጭራለች። ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ ለጀማሪ እስከ 24 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው ክፍል ሆዷ በዓይን እስኪታይ ሲኮማተርና ስታምጥ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ በኃይል ካማጠች የመጀመሪያው ልጅ በግማሽ ሰዓት፣ ምጡ ለዘብ ያለ ከሆነ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ መምጣት አለበት። መጀመሪያ በእንሽርት ውሃ የተሞላች ግራጫ ፊኛ የመሰለች ነገር ብቅ ትላለች፤ ልጁ ከሷ ጋር ወይም ተከትሏት ይወጣል። ቀጣዮቹ ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እየተራራቁ ይመጣሉ። ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ወይም ትንሽ ቆይቶ እንግዴ ልጁ ይከተላል።

ደብተሩ እዚህ ጋ ነው ሥራው። ማማጥ የጀመረችበትን ሰዓት ጻፉ። እያንዳንዱ ልጅ የወጣበትን ሰዓት፣ መልኩን፣ እንግዴ ልጁ መውጣት አለመውጣቱን ጻፉ። ሌሊት ላይ፣ ደንግጣችሁ፣ አምስት ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይመስላችኋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ሰዓት ሳይታወቃችሁ ያልፋል። ሐኪም ስትደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁም «ከስንት ሰዓት ጀምሮ?» ብሎ ነው። ከዚያ ውጪ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። መብራት ቀንሱ፣ ልጆችና እንግዳ ከክፍሉ ይውጡ፣ ቪዲዮ ለማንሳት ስልክ አትደቅኑባት። የተረበሸች ድመት ምጧን ታቆማለች።

በኋላ እግሩ መጣ። ችግር ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ከአሥር ልጆች አራቱ ገደማ በኋላ እግራቸው ነው የሚመጡት፣ ያለ ማንም እርዳታም ይወለዳሉ። የሚያሰጋው ጅራት ብቻ ታይቶ እግር ሳይታይ ሲቀር ነው፤ ያኔ ልጁ በቂጡ መጥቷል፣ ሊሰነቀር ይችላል።

ግማሹ ወጥቶ ከቆመ እጃችሁን ታጠቡ፣ ጓንት አድርጉ። ሰውነቱን በእርጥብ ንጹህ ጨርቅ ያዙ፤ እግሩን ወይም ጅራቱን ብቻ ይዛችሁ አትጎትቱ። እሷ ስታምጥ ብቻ፣ ወደ ታችና ወደ እግሯ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ ማማጧን ስታቆም እናንተም አቁሙ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ ካልተንቀሳቀሰ ተዉትና ወደ ሐኪም ሂዱ።

ልጁ ወጣ፣ እሷ ግን አታየውም። ልንካው?

ንኩት። አንድ ደቂቃ ጠብቁ፤ ሽፋኑን ካልቀደደችለት ግን አትዘግዩ። በቡሬ የመጀመሪያ ወሊድ ሦስተኛውን ልጅ ያጣሁት በዚህ ነው። ሰው አይንካቸው ሲባል የሰማሁትን ይዤ ቆሜ ሳይ፣ እሷ ቀጣዩን እያማጠች፣ ያ ነጭና ግራጫ የሆነ ልጅ ሽፋኑ ውስጥ እንዳለ ታፈነ። አሁንም ድረስ ይቆጨኛል።

ሽፋኑን አፍንጫው ጋ በጣታችሁ ቅደዱት። አፍንጫውንና አፉን ጥረጉ። ጭንቅላቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙና ጀርባውንና ደረቱን በደረቅ ጨርቅ እሹት፤ እናቱ በሻካራ ምላሷ እንደምታደርገው ጠንከር አድርጋችሁ፣ እስኪጮህ። እጃችሁ ውስጥ ልስልስ ብሎ የነበረው ነገር ድንገት አፉን ከፍቶ ሲያቃስት ይሰማችኋል። እየወዘወዙ ፈሳሹን ማስወጣት የሚሉትን ግን አትሞክሩት፤ አንጎሉ ይጎዳል። እትብቱን ካላኘከችው ከሆዱ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ራቅ ብላችሁ በክር እሰሩና ከክሩ ወዲያ ቁረጡ፣ ጫፉን አዮዲን አስነኩት። ከዚያ ቶሎ አፍንጫዋ ሥር መልሱላት።

እንግዴ ልጁን በላችው!

ትብላው፤ ተፈጥሮዋ ነው። ብዙ ከበላች ሊያስቀምጣት ስለሚችል ሁለት ሦስቱን ከበላች በኋላ የቀረውን ማንሳት ትችላላችሁ። ዋናው ቁጥሩ ከልጆቹ ቁጥር ጋር መግጠሙ ነው። ውስጥ የቀረ እንግዴ ልጅ ማኅፀኗን ሊያመረቅዝ ይችላል። ለዚህ ነው ደብተሩ ላይ ጻፉ ያልኩት።

ሁለት ወልዳ አቆመች። ጨርሳለች?

ላይሆን ይችላል። ድመት መሀል ላይ ምጧን አቁማ ማረፍ ትችላለች፤ አንዳንዴ ለአንድ ሙሉ ቀን። ዘና ብላ ተጋድማ ልጆቿን እያጠባች፣ ውሃ እየጠጣች፣ የሰጣችኋትን እየበላች ከሆነ ልክ ነው፤ ጠብቁ። ሆዷን በእጃችሁ ሳትጫኑ ዳበስ አድርጉት። ጠንካራ እብጠት ከተሰማችሁ አልጨረሰችም ማለት ሊሆን ይችላል።

ዕረፍትን ከድካም መለየቱ ነው ከባዱ። ያረፈች ድመት ስትጠሯት ጆሮዋን ታቀናለች፣ ልጆቿን ትልሳለች። የደከመች ግን ምንም አትመልስላችሁም፣ ልጆቿ ቢጮኹም አትነሳም፣ ወይም ደግሞ ባዶ ታምጣለች። ይቺኛዋ ሐኪም ያስፈልጋታል።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የምሮጠው?

ይሄን ማቀዝቀዣ ላይ ለጥፉት። በኃይል እያማጠች ግማሽ ሰዓት አልፎ ልጅ ካልመጣ። ልጁ ግማሹ ወጥቶ 10 ደቂቃ ከተሰነቀረ። ውስጧ ልጅ እንዳለ እያወቃችሁ፣ እሷም ሳትረጋጋ፣ ከመጨረሻው ልጅ ሁለት ሰዓት ካለፈ። ቀይ ትኩስ ደም ሳያቋርጥ ከፈሰሳት፤ ጥቂት ጠብታ ያለ ነው፣ ጨርቁን የሚያርስ ግን አይደለም። ምንም ልጅ ሳይወጣ አረንጓዴ ፈሳሽ ከታየ፤ እንግዴ ልጅ ተላቋል ማለት ነው፣ ልጁ አየር እያጣ ነው። መጥፎ ሽታ ካለ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ወይም እግሯ ካልያዛት።

ስትሄዱ የተወለዱትንም ከእናታቸው ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ፣ ከሃይላንዱ ሙቅ ውሃ ጋር ይዛችሁ ሂዱ። ቀዝቃዛ ልጅ አይጠባም። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ካለ አትፍሩ፤ በጊዜ የደረሰች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከነልጆቿ ትተርፋለች፣ ልጆቿንም ታጠባለች።

ሌሊት ነው፣ ሐኪም አጣሁ። መድኃኒት ልስጣት?

አትስጧት። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፤ ጉበቷ ሊያስወግደው አይችልም። ምጥ የሚያፋጥን መርፌ «ይዤ እመጣለሁ» የሚል ሰውም አይጠፋም፤ አትቀበሉት። ልጁ ተሰንቅሮ ከሆነ መርፌው ማኅፀኗን ሊቀድደው ይችላል። ሳይመረመር አይሰጥም።

መፍትሔው ሐኪሙን ቀድሞ መፈለግ ነው፣ ሰባተኛው ሳምንት ላይ። ብዙ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎቻችን ልምዳቸው ከብትና በግ ላይ ነው። ስለዚህ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ድመት ታክማለህ? ኦፕራሲዮን ትሠራለህ? ሌሊት ስልክህን ታነሳለህ? እኔ ይሄን ሳልጠይቅ ቀርቼ አንዴ ሌሊት ላይ የደወልኩለት ሐኪም ላም ብቻ ነው የማክመው አለኝ። ቢሾፍቱና አካባቢው ያላችሁ እዚያ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ ጎንደር ያላችሁም የዩኒቨርሲቲውን የእንስሳት ሕክምና ክፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰው ከነካቸው ትበላቸዋለች ይባላል። እውነት ነው?

ሽታችሁን የምታውቅ ድመት ስለነካችኋቸው ብቻ አትበላቸውም። ልጇን የምትበላው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሞቶ ወይም ታሞ ከሆነ፣ ወይም እሷ በጣም ከተጨነቀችና ከተራበች ነው። እንግዴ ልጁን ስትበላ አይተው ልጇን በላች የሚሉም አሉ። በቀን አንዴ እሷ ለመብላት ስትነሳ ልጆቹን መመዘን ይቻላል፤ እንደውም ያስፈልጋል።

ከረበሻችኋት ግን ይዛቸው ትጠፋለች። አንገታቸውን ነክሳ አንድ በአንድ ታመላልሳለች። ይሄን ካያችሁ አትከልክሏት፣ አትመልሷቸውም። አዲሱ ቦታ ደረቅና ሙቅ ከሆነ እዚያው ተዉአት፤ ካልሆነ ሌላ ጨለም ያለ ጥግ አዘጋጅታችሁ እሷንም አብራችሁ ውሰዷት።

እኔ ራሴ ነፍሰ ጡር ነኝ። ድመቷን ላስወጣት?

ማስወጣት አያስፈልግም። የሚያሰጋው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ከሰገራዋ ነው የሚመጣው፣ እሱም ሰገራው አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ካደረ በኋላ ነው የሚተላለፈው። አሸዋዋን ሌላ ሰው በየቀኑ ያጽዳላችሁ። ማንም ከሌለ ጓንት አድርጋችሁ፣ ሳታሳድሩ፣ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና። ጥሬ ሥጋ ለሷም ለእናንተም ይቅር፤ ክትፎውም ለጊዜው ይብሰል። የምጧን እርዳታም ለሌላ ሰው ስጡ።

ምጥ ላይ ያለች ድመት ልትነክስም ትችላለች። የነከሰቻችሁን ቦታ ወዲያው 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ክትባቷን ከነአካቴው አልከተባችኋት ከሆነ ይሄን በቀላሉ አትዩት።

ወተት የላትም፣ ወይም አንዱን ልጅ ትገፋዋለች። የላም ወተት ልስጠው?

የላም ወተት ያስቀምጠዋል፣ እንዲህ ያለች ነፍስ ደግሞ ተቅማጥ በአንድ ቀን ይገድላታል። ለድመት ልጆች የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ፈልጉ፤ ካጣችሁ ሐኪም ጠይቁ። መጀመሪያ ግን ከእናቱ ጡት ጋ አስጠጉት፤ በመጀመሪያው ቀን የምትሰጠው እንገር በሽታ የሚከላከልለት እሱ ብቻ ነው፣ በኋላ የሚተካው ነገር የለም።

ሲወለዱ 100 ግራም ገደማ ናቸው። በየቀኑ 10 ግራምና ከዚያ በላይ መጨመር አለባቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ያልጨመረ ልጅ እየጠባ አይደለም፣ ቢመስልም እንኳን። የምታጠቡት እናንተ ከሆናችሁ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ነው። መጀመሪያ አሙቁት። በሆዱ አስተኝታችሁ፣ አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ስጡት፤ እንደ ሕፃን በጀርባው ካስተኛችሁት ወተቱ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ከጠባ በኋላ ከጅራቱ ሥር ያለውን በሙቅ ውሃ በራሰ ጥጥ ዳበስ ዳበስ አድርጉት። ራሱ መሽናት አይችልም፤ እናቱ እየላሰች ነው የምታሸናው።

ከወለደች ሦስት ሳምንት ሆናት። ዛሬ ትንቀጠቀጣለች፣ ስትራመድ ትንገዳገዳለች።

አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት፤ ጽሑፉን መጨረስም አያስፈልግም። ብዙ ልጆች የምታጠባ ድመት ካልሲየሟ በደሟ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። መጀመሪያ እረፍት ታጣለች፣ ታለከልካለች፣ እግሯ ይገትራል፣ ከዚያ ይጥላታል። በደም ሥር ቀስ ተደርጎ በሚሰጥ ካልሲየም ትድናለች። እስክትደርሱ ልጆቹ አይጥቧት። ጡቷ ከጠጠረ፣ ከቀላና ካተኮሰም ያው ነው፤ በዚያው ቀን ትታይ።

ልጆቿን እያጠባች ደግማ ልታረግዝ ትችላለች?

ትችላለች፣ ብዙ ሰው የሚሞኘውም እዚህ ላይ ነው። ከወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ልጆቿ ጡት ሳይጥሉ፣ እንደገና ወንድ ልትፈልግ ትችላለች። ልጆቹ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ለስላሳ ምግብ መቅመስ ይጀምራሉ፣ በስምንተኛው ሳምንት ጡት ይጥላሉ። ከዚያ ወተቷ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቃችሁ አስመክኗት። እስከዚያ በርና መስኮት ይዘጋ። ቡሬ በመጀመሪያው ጊዜ ያመለጠችኝ በመታጠቢያ ቤቷ ትንሽ መስኮት ነው፣ ልጆቿ ገና ስድስት ሳምንታቸው ነበር።